ሐበሻ የማይደርስበት ውሃ ዳር

አያቴ ሐሙስ ዕለት አዳማ ሞተች፤ ዓርብ ተቀበረች። እናቴ ግን ቅዳሜ ጠዋት ኩሽና ውስጥ ቆማ፣ "ዛሬስ ለእማዬ ሳልደውል አልውልም" ትል ነበር።

እኔ ሰምቻለሁ። አጎቴ ሰምቷል። ቸርቻችን ውስጥ የሰንበት ትምህርት ልጆች እንኳ ሰምተዋል። እናቴ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ያሉት ሁለቱ ሐበሾች ሰምተው፣ ዓርብ ቀን አብረዋት ምሳ በልተው፣ ትንፍሽ ሳይሉ ወደ ቤቷ ሸኝተዋታል። ያልሰማችው የሟቿ ልጅ ብቻ ነበረች።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ከግራ ከቀኝ ተቀምጦ፣ ብትወድቅ የሚይዛት እጅ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። በዚህ አልጣላም፤ ትክክል ነው የምልባቸው ቀኖች አሁንም አሉ። ችግሩ እኛ ያለነው ዴንቨር፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም ያለው ዳላስ፣ የሰዉ ሁሉ የሥራ ሽፍት ደግሞ የየራሱ መሆኑ ነው።

"ደንቡ በማለዳ ማርዳት ነበር" አለኝ አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ዓርብ ማታ ጋራዡ ውስጥ ለብቻዬ ጠርቶኝ። "ግን የዳላሱ ልጅ የሚያርፈው ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እሱ ሳይኖር አናረዳትም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁላችንም እናንተ ቤት እንሰበሰባለን። እስከዚያ አንቺ ይዘሻት ጥፊ።"

"ወዴት?"

"ሐበሻ ወደማይደርስበት።"

"ለምን እኔ ጋሼ? ውሸት እንደማልችል ታውቃለህ እኮ።"

"እሱ ነዋ ምክንያቱ" አለ። "አንቺ አፍሽ ወንፊት የለውም። አንቺ ምንም የለም ካልሽ፣ ለእሷ ምንም የለም ማለት ነው።"

ሲለኝ እንደ ሙገሳ ነው የወሰድኩት። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ያን ሌሊት ቦታ ሳስብ አደርኩ። ሐበሻ የሌለበት ቦታ ከጎረቤታችን ከአውሮራ ፈልጊ ማለት ቀልድ ነው። የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት የሞላበት ሃቫና ጎዳና አይታሰብም። ሞል ብወስዳት ጫማ የምትሸጠው ሐበሻ ናት። ዳውንታውን ብወስዳት ፓርኪንጉን የሚጠብቀው ሐበሻ ነው። ቶርንተን እንዳልሄድ የኳየራችን ግማሹ እዚያ ነው የሚኖረው። አንዱ ዕቃ ተሸክሞ ሲያልፍ "እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ" ካላት በቃ፣ መኪና ማቆሚያ ላይ፣ አስፋልት ላይ፣ እናቷ ትሞትባታለች።

ከዚያ ቢቹ ትዝ አለኝ። ከአውሮራ ወደ ምሥራቅ፣ ከተማው አልቆ ሜዳው ሲጀምር፣ ለመጠጥ ውሃ የተገደበ ሐይቅ አለ። አንዱን ጎኑን አሸዋ በትራክ አምጥተው ደፍተውበት የሕዝብ መዋኛ አድርገውታል። ሃይስኩል እያለሁ አንዴ ከክፍል ልጆች ጋር ሄጃለሁ። አንድም ሐበሻ አላየሁም። እኛ ውሃ አንወድም፤ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሆነ ውሃ ሁሉ ሰው የሚበላ ይመስለናል።

የእናቴን ስልክ አጎቴ ሐሙስ ማታውኑ፣ "ፎቶ ሞልቶት ነው የሚንቀራፈፈው፤ አጽድቼ አመጣልሻለሁ" ብሎ ወስዶታል። ዋይፋዩን እኔ ነቅዬዋለሁ። አባቴ የጭነት መኪና ነው የሚነዳው፤ ከነብራስካ እየተመለሰ ነበር። ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን።

እኔም አያቴ ሞታብኛለች። እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ግን ዓይኔ ከቀላ ነገሩ ሁሉ ይበላሻልና ማልቀስ አልተፈቀደልኝም። ሐሙስ ማታ ሻወር ከፍቼ ልሞክረው ብዬ ነበር። አልመጣም።

"ቢች?" አለች እናቴ። "ምን ነክቶሽ ነው? ባለፈው ሰርግ አድርሺኝ ብልሽ ደክሞኛል ያልሽ ልጅ።"

"ዛሬ አልደከመኝም።"

"ይሄን ጭስ እያየሽ?"

ያን ሳምንት ተራሮቹ ላይ እሳት ነበር። ጭሱ ወርዶ ከተማው ላይ ተኝቷል። ሠፈራችን ግሪን ቫሊ ራንች ያሉት ቤቶች ድሮም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ያን ጠዋት ደግሞ ከሦስተኛው ቤት ወዲያ ያለው አይታይም ነበር። ፀሐይዋ ቀይ ናት፤ ዓይን ሳይጨፍኑ ያዩዋታል።

"ውሃው ጋ ይሻላል" አልኳት። ይሻላል አይሻል የማውቀው ነገር የለም።

ልብስ ልትለብስ ገባች። ስትወጣ ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች። ጥቁር ሻርፕም አንገቷ ላይ ጠምጥማለች። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያ ቀሚስ ሦስት ዓመት ከቁም ሳጥን ወጥቶ አያውቅም።

"ቀይሪው" አልኩ።

"ለምን?"

"ይሞቃል።"

"አሸዋ ላይ አይደል የምንቀመጠው? ጥቁር ቆሻሻ ይችላል" ብላ ጫማዋን አደረገች።

ኢ-470 አውራ ጎዳና ላይ ወጣሁ። መብራት አብርቼ ነው የነዳሁት። አመድ እየመጣ መስታወቱ ላይ ያርፋል፤ መጥረጊያውን ስለቀው እንደ እርሳስ ይሰመርበታል። እናቴ ጭኗ ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ግራ ዓይኗን ደጋግማ ትነካለች።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ከሐሙስ ጀምሮ ይርገበገባል" አለች። ቀጥላ ለራሷ፣ "በኢየሱስ ስም። እኛ በዚህ አናምንም" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ግራ ነው አይደል ለቅሶ የሚባለው?" አለችኝ።

"ጭሱ ነው" አልኩ። ይሄ ገና ውሸት አልነበረም፤ ሊሆን ይችላል።

ሰዓቱን ለመግፋት ከሐይቁ በፊት ያለው የገበያ ሠፈር ቆምን። ሞል ነው፤ ግን እንደ አንዲት የድሮ ትንሽ ከተማ መሀል አድርገው ነው የሠሩት። መሀል መንገድ አለው፣ የጥንት የሚመስሉ የመንገድ መብራቶች አሉት፣ የጡብ ፎቆች አሉት። ቀና ብለሽ ካየሽ ግን የላይኞቹ ፎቆች መስኮት ከኋላው ክፍል የለውም። በጭሱ ምክንያት ሰው አልነበረም። ቁጥቋጦ ውስጥ የተቀበሩ ስፒከሮች ለማንም የሚሆን ሙዚቃ ያሰማሉ። ካፌው ፊት ለፊት ወንበሮቹ ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ላይ ስስ አመድ አለ።

"ሰዉ የት ሄደ?" አለች እናቴ።

"ቤቱ ተቀምጧላ።"

"ለቅሶ የገባበት ከተማ ይመስላል" አለች። ከካፌው የገዛሁት ቡና ትን አለኝ። ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ፣ እንደ ሕፃን።

ሐይቁ ጋ ስንደርስ ስምንት ሰዓት ገደማ ሆኗል። ፓርክ አደረግኩ። ሰፊው ማቆሚያ ላይ ከእኛ ሌላ ሁለት መኪና ብቻ ነበር። አሸዋው ላይ የነፍስ አድን ሠራተኛው ረጅም ወንበር ቆሟል፤ ባዶውን። ውሃው አይንቀሳቀስም። ወዲያ ማዶውን አውቀዋለሁ፣ ደረቅ ኮረብታ ነው፣ ያን ቀን ግን የለም። ውሃው ሄዶ ሄዶ ጭሱ ውስጥ ይገባና ያልቃል። የት ላይ ውሃ መሆኑን ትቶ ጭስ እንደሚሆን መለየት አይቻልም።

"ባሕር ነው እኮ" አለች እናቴ። "ሐይቅ ያልሽኝ መስሎኝ።"

ብርድ ልብስ አንጥፈን ተቀመጥን። ብዙም ሳይቆይ ከጭሱ ውስጥ ፔሊካኖች መጡ፤ ስምንት ወይም ዘጠኝ፣ ትልልቅ ነጫጭ ወፎች። ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ውሃው ላይ ዝቅ ብለው በፊታችን አለፉ። ድምፅ የላቸውም። ሁሉም አንገታቸውን ወደ እኛ ያዞሩ መሰለኝ፣ ሊሆን ግን አይችልም።

"የዝዋዮቹ" አለች እናቴ። "እማዬ አንዴ ዓሣ ልትገዛ ይዛኝ ሄዳ እነዚህን አይቼ አለቀስኩ አሉ። ጠይቂያት፣ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።"

ወፎቹን በዓይኔ ሸኘኋቸው። ጥያቄ አልነበረማ።

ከዚያ ሰው መጣ። ከሐይቁ በኩል፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው፣ ከእግሩ ሥር ምንም ሳይኖር፣ በውሃው ላይ ቀስ እያለ ወደ ጎን ይሄዳል። እናቴ አንገቷን አስግጋ አየችው።

"ጌታ ነው እንዴ?" አለች ቀስ ብላ።

ጠጋ ሲል ጣውላው ታየ። እንደ ጀልባ የሚቆሙበት፣ በረጅም መቅዘፊያ የሚነዱት። ሸምገል ያለ ፈረንጅ ነው፤ ጭምብል አድርጓል። እናቴ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች።

"ጌታ ቁምጣ አይለብስም" አልኳት።

"አንቺ ልጅ፣ አፍሽን" አለችና ትከሻዬን መታችኝ። ሰውየው ሳያየን አለፈ፤ ጭሱ ከጉልበቱ ጀምሮ ዋጠው።

እየተዝናናን ነበር። ይሄ ነው ያስፈራኝ።

ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነዘረ። አጎቴ ነው፤ "የዳላሱ ገብቷል። ከ12 በፊት እንዳትመጡ" ብሎ ቴክስት አድርጓል። እናቴ እጇን ዘረጋች።

"ስጪኝ፣ ለእማዬ ልደውል።"

"ካርድ የለውም።"

"አሁን ነዘረ እኮ።"

"ኔትወርክ የለም እዚህ" አልኩ። ውሸት ስትጀማምር እንዲህ ነው፤ ሁለቱ እርስ በርስ ይጋጫሉ። እናቴ አየችኝ። እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አደረገች።

እዚያው ላይ ነው ከኋላችን፣ "ሐበሻ ናችሁ አይደል?" የሚል ድምፅ የሰማሁት።

አንገቴን ሳዞር ሒጃብ ያደረገች ሴት፣ ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው፣ ፎይል የተሸፈነ ትሪ ይዛ ቆማለች። ከጀርባዋ ሁለት ልጆች አሸዋ ይቆፍራሉ። ከሁለቱ መኪኖች አንዱ የእሷ ነው። ሐበሻ የማይደርስበት ውሃ ዳር።

"ከሩቅ ነው ያወቅኳችሁ" አለች። "ቢች መጥቶ ጫማውን ሳያወልቅ የሚቀመጥ ሐበሻ ብቻ ነው።" እናቴን ዝቅ ብላ ሰላም አለቻት። "እናቴ፣ ሳምቡሳ ይቅመሱ። የምስር ነው። ልጆቹ በጭስ ቀን ካልወጣን ብለው አሳብደውኝ ነው።"

ስለ ልጆቿ፣ ስለ ሠፈር፣ ስለ አውቶቡስ ተራ ተጨዋወቱ። ከዚያ ሴትየዋ ሻርፑን አየች። ቀሚሱን አየች። ፊቷ ተለወጠ።

"ይቅርታ እናቴ፣ ሐዘን አለብዎት እንዴ?"

"የለብንም" አልኩ እኔ። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ቶሎ፣ ጮክ ብዬ።

እናቴ ሳምቡሳውን እንደያዘች ቀረች። "ኧረ ደህና ነን" አለች። "ቆሻሻ ስለሚችል ነው የለበስኩት።" ከዚያ ተነሳች። "እግሬን ላፍታታ" አለችና በውሃው ዳር ወደ ግራ መሄድ ጀመረች።

ሴትየዋ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አልነገራችኋትም" አለች።

"ምኑን?"

"ተይ እህቴ። እናትሽን በዚህ ጭስ ጥቁር አልብሰሽ ቢች አምጥተሽ፣ ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ደብቀሽ። ማን ነው?"

"እናቷ" አልኩ። ለሦስት ቀን ያፈንኩት ለማላውቃት ሴት ወጣ።

አንድ ነገር ለራሷ በአረብኛ አለች። ከዚያ፣ "እኔን ዙ ነው የወሰዱኝ" አለች።

"ምን?"

"አባቴ የሞተ ጊዜ። ባሌ ሥራ ቀርቶ፣ ተነሺ ዙ እንሂድ፣ አውሬ እንይ አለኝ። ልጅ ያልነበረን ሰዎች፣ ረቡዕ ቀን፣ ዙ። አራት ሰዓት ሙሉ ቀጭኔ አሳየኝ። ማታ ቤት ስንመለስ ሰው ሞልቷል።" ልጆቿን አየት አደረገች። "ማን እንዳረዳኝ ብትጠይቂኝ አላስታውስም። ምን እንዳሉኝም አላስታውስም። የማስታውሰው ባሌን ነው፣ ቀጭኔዋን እያሳየኝ ሲስቅ። ጥሩ ሰው ነው። አሁንም ሲስቅ አየዋለሁና፣ አሁን ምን ደብቆኝ ነው እላለሁ።"

"እና ምን ላድርግ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ" አለች። "ከጠየቀችሽ ግን አስቢበት።" ትሪውን ይዛ ተነሳች።

ቀና ስል እናቴ የለችም።

የሄደችበትን አቅጣጫ አውቃለሁ። ውሃው ከቦታው ሸሽቶ ስለነበር ዳሩ ሰፊ ጭቃ ሆኗል፤ ዱካዋ ይታያል። መጀመሪያ በፍጥነት ተራመድኩ፣ ቀጥሎ ሮጥኩ። "እማ" አልኩ። ድምፄ የትም አልሄደም፤ ጥጥ ውስጥ እንደመጮህ ነው። ዱካው ጀልባ የሚያወርዱበት ሲሚንቶ መንገድ ጋ ሲደርስ ጠፋ። መንገዱ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ይገባል። መሀሉ ላይ የተቀባው ቢጫ መስመር ውሃው ውስጥም ይቀጥላል፤ ሐይቁ ሥር መኪና የሚነዳ ሰው ያለ ይመስል።

እናቴ መስመሩ ላይ ቆማለች። ውሃው ጉልበቷ ደርሷል፣ ቀሚሷ ዙሪያዋን ተንሳፍፏል፣ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ጫማዋን አላወለቀችም።

"እማ፣ ውጪ።"

"አትምጪ" አለች ሳትዞር። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ።"

ቆምኩ።

"ወንድሜን ብጠይቀው ያባብለኛል። አባትሽን ብጠይቀው ስልኩ ይቆረጣል። አንቺ ግን የፓስተሩን ሚስት ቀሚስሽ አያምርም ያልሽ ልጅ ነሽ። ስንቴ ብታሳፍሪኝም፣ አንድ ቀን ዋሽተሽኝ አታውቂም።" ወደ ጭሱ እያየች ቀጠለች። "እማዬ ደህና ናት?"

ብዙ ጊዜ ያሰብኩ ይመስለኛል። አላሰብኩም፤ አንድ ትንፋሽ ነው። እውነቱን ብናገር እዚያው ትወድቃለች፣ ውሃው ውስጥ፣ እኔም እሷም መዋኘት አንችልም፣ ሲሚንቶው ደግሞ አረንጓዴ ነገር ይዞ ያንሸራትታል። ይሄ ምክንያት ነው። እውነተኛ ምክንያት ነው። ግን በኋላ ነው ያገኘሁት።

"ደህና ናት" አልኩ።

"አነጋገርሻት?"

"አዎ።"

"መቼ?"

"ትናንት።"

"ምን አለች?"

"ጉልበቴን አመመኝ አለች።"

እናቴ ዞረች። ፊቷ ላይ ያለውን ልገልጸው አልችልም፤ እንደ ልጅ ሆናለች። "ያ ጉልበት" አለች። "ቅባቱን ትቀባለች? ጠየቅሽልኝ?"

"ጨርሻለሁ አለች።"

"ውሸቷን ነው። አልጋዋ ሥር አንድ ካርቶን አላት።" ሳቀች። "ስለ እኔስ?"

"ደክሟታል ወይ አለች።"

"አንቺስ ምን አልሽ?"

"ደክሟታል አልኩ።"

ዓርብ ቀን። አፈር ባለበሷት ቀን ጉልበቷን አሳመምኩት፣ ቅባት አስጨረስኳት፣ ስለ ልጇ አስጠየቅኳት። በዋሸሁ ቁጥር ቀላል እየሆነ መጣ። ድምጿን ሁሉ ማምጣት ችዬ ነበር፤ የአያቴን አነጋገር፣ ያቺን "እ" የምትላትን። ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ዳግመኛ እንደዚያ መናገር ችዬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ነው መርሳት የምፈልገው። እናቴ ተጫወተች። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፣ የደም ግፊት አለባት፣ ስትስቅ አፏን ትሸፍናለች። ያን ቀን አልሸፈነችም። መዋኛው ጋ ተመልሰን፣ እጄን ይዛ ጎትታኝ ገባች፤ ጥልቀት በሌለበት ቁጭ አለች፤ ውሃ ረጨችኝ። የሴትየዋ ልጆች መጥተው አብረው ረጩን። እናቴ በእንግሊዝኛ "ካም ካም" ትላቸዋለች፣ እነሱ ይሮጣሉ። ጥቁሩ ቀሚስ አየር ይዞ ዙሪያዋን ይነፋል፤ እሷ በእጇ ትጫነዋለች፣ ተመልሶ ይነፋል። ፀሐይዋ ከበላያችን ቀይ ሆና ትታያለች። ሴትየዋ አሸዋው ላይ ቆማ ታየናለች፤ አትስቅም።

ሰው እናቱ ስትደሰት ይፈራል? እኔ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። ውሃው ሞቃት ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣን። እናቴ መኪና ውስጥ ፎጣ ላይ ተቀምጣ፣ እየተንጠባጠበች፣ እስከ ቤት አወራች። የሚቀጥለው ዓመት አዳማ እንሂድ አለች፤ ሦስታችንም፣ አባትሽ ፈቃድ ይጠይቃል፣ እማዬን አንድ ወር እናስታማት አለች። እኔ እሺ እያልኩ ነዳሁ።

ሠፈራችን ስንደርስ መንገዳችን ገና ከጥግ ጀምሮ በሁለቱም በኩል መኪና ተደርድሮበታል። በዚያ ጭስ ውስጥ የኋላ መስታወቶቹ ብቻ ይታያሉ፤ ከአንዱ ላይ የቸርቻችን ስቲከር።

እናቴ ማውራቷን አቆመች።

ቤታችን ደረሰ። በሩ ላይ ጫማ ሞልቷል። ፍሬን ልይዝ ስል እጄን ያዘችኝ።

"አትቁሚ" አለች። "ንጂ።"

ነዳሁ። ብሎኩን ዞርን። አንድ ዓይነት ቤቶች፣ አንድ ዓይነት ጋራዦች። ሁለተኛ ቤታችን መጣ፤ አጎቴ በሩ ላይ ቆሞ አየን። እጁን ሊያነሳ ሲል አለፍነው። "ንጂ" አለች። ሦስተኛውን ዙር እኩሌታ እንደደረስን ፊት ለፊት እያየች፣ "ከውሃው በፊት ነው በኋላ?" አለች።

"ሐሙስ ነው።"

"ሐሙስ።" ጣቶቿን ቆጠረች። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። "ስለዚህ ስስቅ የለችም ነበር።"

"አልነበረችም።"

"ጉልበቷንስ?"

"ከራሴ ነው ያመጣሁት።"

አልጮኸችም። ሻርፗን ከአንገቷ ፈታች፣ ጨመቀችው፣ ውሃው እግሯ ሥር ወረደ፤ መልሳ ወገቧ ላይ አሰረችው። አራተኛ ጊዜ ቤታችን ሲመጣ፣ "አሁን ፓርክ አድርጊ" አለች።

ብቻዋን ገባች። ሶፋው መሀል አስቀመጧት፤ አንዷ ከግራ፣ አንዷ ከቀኝ። የዳላሱ ወንድሟ እግሯ ሥር ተንበረከከ። እርጥብ የሆነችበትን ምክንያት ማንም አልጠየቃትም። አጎቴ ጀመረ። እናታችን ታማ ሰንብታ እንደነበር፣ ሐኪም ቤት እንደገባች፣ እግዚአብሔር የወደደውን እንደሚያደርግ። ቀስ እያለ፣ ደረጃ በደረጃ፣ እንደሚገባው። እናቴ ዓይን ዓይኑን እያየች አስጨረሰችው። አንድም ጊዜ አላቋረጠችውም። የመጨረሻውን ቃል ሲናገር ብቻ ጮኸች፣ ሴቶቹም ያዟት። የሰማሁት ጩኸት የእውነት ነበር። ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ የእውነት ነበር።

እኔ በሩ ጋ፣ ጫማዎቹ መሀል ቆሜ ነበር። ያኔ መጣልኝ፤ አለቀስኩ። ለእኔ ከግራ ከቀኝ የተመደበ ሰው አልነበረም። ግድግዳውን ያዝኩ።

አጎቴ ቆይቶ መጥቶ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ "ጎበዝ። እንደ ትልቅ ሰው ጠበቅሻት" አለኝ። እናቴ ከሶፋው ላይ ሰምታዋለች። ቀና ብላ አየችኝና ፊቷን ወደ ሴቶቹ መለሰች።

ስድስት ወር ሆኗል። አልተጣላንም። አብረን እንበላለን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ አደርሳታለሁ፣ ሥራ ልቀይር ነው ስላት እንደ ድሮው ትሳደባለች። አንድ ቀን ስለዚያ ሐይቅ ላነሳ ብዬ፣ "እማ፣ ያን ዕለት እኮ" ስል፣ "ምን አማራጭ ነበረሽ" አለችና ቴሌቪዥኑን ጮክ አደረገችው። ይቅር ማለቷ እንደሆነ አውቃለሁ።

ማታ ማታ ግን ሳሎን ተቀምጠን፣ "ጋዙን አጥፍተሻል?" ትለኛለች።

"አጥፍቻለሁ" እላለሁ።

ትነሳለች። ነጠላ ጫማዋን ፈልጋ ታደርጋለች። ኩሽና ገብታ አራቱን ቁልፎች በጣቷ አንድ በአንድ ትነካለች። ጠፍቷል። ተመልሳ ቦታዋ ላይ ትቀመጣለች፤ እኔም እግሬን ሰብስቤ እንድታልፍ መንገድ እለቃለሁ።